በጠመኔ የተሳለው ፍላት

ባለፈው መስከረም ከአርችዌይ ወደ ሆሎዌይ ቁልቁል በሚወርደው ባስ ውስጥ፣ ለአቅመ ደካሞች ከሚተዉት ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀምጬ ነበር። ስልሳ ሦስት ዓመት ሞልቶኛል፤ ቀኝ ጉልበቴም ብርድ ሲነካው ይጠዘጥዘኛል፤ ስለዚህ እዚያ መቀመጥ አያሳፍረኝም። ሁለተኛው ፌርማታ ላይ አንድ ሽማግሌ ተሳፈረና ከፊቴ ቆሞ ብረቱን ጨበጠ። መጀመሪያ ያየሁት ፊቱን ሳይሆን እጁን ነው። የእጁ አንጓ አጥንት በደንብ ሳይገጥም እንደቀረ ያስታውቃል፤ ወደ ጎን ጎበጥ ብሏል። ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

«ወይንሸት! አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለኝ።

ታምራት ነበር። ለንደን በገባንበት ዘመን ሁላችንም ጋሽ ታምራት እያልን በአንቱታ የምንጠራው ሰው። አሁንም ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ልጽፍ ስቀመጥ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ያናደደኝ ሌላ ነው። ሳላስበው ብድግ ብዬ ወንበሬን ለቀቅኩለት። እሱ ተቀመጠ፤ እኔ ከነጉልበቴ ቆምኩ።

«እሷስ? ትደዋወላላችሁ?» አለኝ፣ የቀድሞ ሚስቱን ስም ሳይጠራ።

«አልፎ አልፎ።»

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ጡረታ ወጥታለች።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በመስኮቱ እያየ፣ የአየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው፣ «ያ የቴኳንዶ ሰውዬ ነው ቤቴን ያፈረሰው። አንቺ ታውቂያለሽ። ያኔ በስብሰባው ላይ ዝም ያልሽውም እውነቱን ስለምታውቂ ነው። አልረሳሁልሽም» አለኝ።

አልረሳሁልሽም! እንደ ውለታ ቆጥሮታል። ከምወርድበት ሦስት ፌርማታ ቀድሜ ደወሉን ተጫንኩና ወረድኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። ሻይ አፈላና ሳልጠጣው ይቀዘቅዛል። ቴሌቪዥኑን ከፍቼ ወደ መስኮት እሄዳለሁ፣ ከመስኮት ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ በር። ልጄ ስልክ ደውላ «ማሚ፣ are you okay? ድምፅሽ ልክ አይደለም» ስትለኝ ጉልበቴ ነው እላታለሁ። ጉልበቴ አይደለም።

ያኔ ለንደን ስንገባ ዘመኑ የስልክ ካርድ ዘመን ነበር። አምስት ፓውንድ የተከፈለበት ካርድ አዲስ አበባ ሲደወል «እንዴት ናችሁ፣ ደህና ነኝ፣ ገንዘቡ ደረሰ?» ተብሎ ሳያልቅ ይቆረጣል። እኔ አርችዌይ ከአሳና ድንች መጥበሻ ቤት በላይ አንዲት ክፍል ነበረችኝ። ማሞቂያው ሃምሳ ፔንስ ካልጎረሰ አይበራም፤ ልብሴ ሁሉ ዘይት ዘይት ይሸት ስለነበር ባስ ውስጥ ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ እሳቀቅ ነበር። ከሃክኒ ገበያ በአራት ፓውንድ የገዛሁት አረንጓዴ ካፖርት ነበረኝ፤ ትከሻው በስፖንጅ ተሞልቶ ወታደር ያስመስለኛል፤ አንዱ ቁልፍ ከሌሎቹ የተለየ ነው። በዚያ ካፖርት ኪስ ውስጥ ትንሽ የካሴት ማጫወቻ ይዤ፣ ሰው ለሰው እየቀዳው ድምፁ እንደ ውኃ ውስጥ የሚሰማ ዘፈን በጆሮዬ እያስገባሁ ጎህ ሳይቀድ ወደ ሥራ እወጣለሁ። ዛሬ ያ ሁሉ ዘፈን ስልኬ ውስጥ ጥርት ብሎ ይገኛል፤ ጥርት ሲል ግን የሌላ ሰው ዘፈን ይመስለኛል።

ሥራው ቢሮ ማጽዳት ነው፤ ባንኮቹ ካሉበት ሰፈር፣ ሠራተኞቹ ከመግባታቸው በፊት። ጓደኛዬ ፀዳለ ከሃክኒ ትመጣለች፤ እኔ ከአርችዌይ፤ በሩ ላይ እንገናኛለን። ፀዳለ ከኔ ሁለት ዓመት ትበልጣለች፤ ረጅም ፀጉሯን ለሁለት ጎንጉና በሻርፕ ትሸፍነዋለች። ስትስቅ አፏን በመጥረጊያ ጨርቅ ትይዛለች፣ አለቃው እንዳይሰማ። ባሏ ታምራት ነው። ያኔ ከመካከላችን እንግሊዝኛ የሚጽፍ እሱ ነበር። የጥገኝነት ማመልከቻ የሚሞላልን እሱ፣ ጠበቃ ቢሮ የሚያስተረጉምልን እሱ፣ የመንግሥት ኪራይ ቤት፣ የካውንስል ቤት የምንለውን፣ አፕላይ ስናደርግ ደብዳቤ የሚጽፍልን እሱ። ቤቱ የሄደ ሰው በልቶ ሳይጠግብ አይመለስም። የኔንም ፋይል የያዘው እሱ ነበር፤ አንዴ ውድቅ ተደርጎብኝ ይግባኝ ላይ ነበርኩ።

አንድ የክረምት ማለዳ ባስ ስጠብቅ አንድ ጎረምሳ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። ቢላዋ አላወጣም፤ አልጮኸም። ክንዴን ብቻ ያዘና ቦርሳዬን አየው። እኔም ራሴ ቦርሳዬን ከትከሻዬ አውርጄ አቀበልኩት። ራሴ! ከጠፋው ቦርሳ ይልቅ ያቺ ማቀበሌ ናት ስታንገበግበኝ የከረመችው። ለፀዳለ ስነግራት እንደ ወትሮዋ ትስቅብኛለች ብዬ ስጠብቅ መጥረጊያዋን አቆመችና «ሃክኒ ውስጥ ቴኳንዶ የሚያስተምሩ ሐበሻ አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። አብረን እንሂድ» አለችኝ። ለኔ ብላ መሰለኝ። ለብዙ ወራት ለኔ ብላ ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ዘውዴ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ በአልጋ የሚገፉ ሠራተኛ ነበሩ። አጭር፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ሳሉ በቀበሌ አዳራሽ ብዙ ወጣት አሰልጥነዋል ይባላል፤ እሳቸው ግን ስለዚያ አያወሩም። ሃክኒ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለውን አዳራሽ የሐበሻ ማኅበራችን ለእሁድ ስብሰባ ይከራየው ስለነበር ቅዳሜ ከሰዓት ቁልፉ ለሳቸው ይሰጣቸዋል። አዳራሹ የወለል ሰምና የጡንቻ ቅባት ይሸታል። ዶቦክ የሚባለው ነጭ ልብሳቸው ከመታጠብ ብዛት ሳስቶ ክርናቸው ላይ ወንፊት ሆኗል። መጀመሪያ ላይ ጎረምሶቹ መጥተው ነበር፤ በአየር ላይ መራገጥ እንማራለን ብለው። ጋሽ ዘውዴ ግን ፓተርን ብቻ ያሠሯቸዋል፤ ኮሪያዎቹ ያወጡት፣ ማገዱም መምታቱም መዞሩም ተራ የያዘ እንቅስቃሴ። የመጀመሪያው ቾንጂ ይባላል፤ አሥራ ዘጠኝ እንቅስቃሴ ነው። በግራ ዞሮ ዝቅ ብሎ ማገድ፣ አንድ እርምጃ ገብቶ መምታት፣ ወደ ኋላ መዞር፣ ደግሞ ማገድ፣ ደግሞ መምታት። ጎረምሶቹ በሁለተኛው ሳምንት ጠፉ። የቀረነው እኔና ፀዳለ ሌሎችም ሦስት ሴቶች ነን።

እኔም ልጠፋ ነበር። አንድ ቅዳሜ ላብ በላብ ሆኜ ድፍረት መጣልኝና፣ «ጋሽ ዘውዴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ ባዶ አየር መደብደብ ፌርማታ ላይ ምን ያደርግልኛል? ሌባው ተራዬን እስክጨርስ ይጠብቀኛል?» አልኳቸው።

አልተቆጡም። ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝና «ያዢኝ» አሉ።

ያዝኳቸው።

«ጠበቅ አድርጊ። እንደዚያ ልጅ።»

ባለ በሌለ ኃይሌ ጨበጥኩ። እሳቸው ያንኑ ዝቅ ብሎ ማገድ የምንለውን፣ ሺህ ጊዜ ያሠሩንን፣ በዝግታ ሠሩት። እጃቸው በአውራ ጣቴ በኩል ሹልክ ብሎ ወጣ፤ ሌላው እጃቸው የኔን አንጓ ይዞ ወደ ወገባቸው ሳበው፤ ወገቤ ታጠፈና ወለሉን አየሁት።

«ወደ ወገብ የሚመለሰው እጅ ባዶውን አይመለስም» አሉ። «የያዘሽን ሰው እጅ ይዞ ነው የሚመለስ። ይሄንን ስም ሲያወጡለት ማገድ አሉት እንጂ ማስለቀቂያ ነው። መዞሩም ለጌጥ አይደለም፤ ከሰውዬው ፊት መጥፊያ ነው። ፓተርኑ ውስጥ ሁሉም አለ። እናንተ ግን እንደ ሰልፍ ታዩታላችሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርቱ ሌላ ሆነ። ካፖርታችንን አስለበሱን። ቾንጂን ከነቦት ጫማችን፣ ከነጓንታችን፣ ባንድ እጃችን የገበያ ፌስታል ይዘን ሠራነው። ደረጃ ላይ ሠራነው። ሁለት ወንበር አጋጥመው መካከሉ ላይ አቆሙንና የባስ መተላለፊያ ነው አሉን። ድንች ከፌስታል እየወደቀ ወለሉ ላይ ይንከባለል ነበር፤ እንዴት እንስቅ እንደነበር! በሁለት ወር ውስጥ አካሄዴ ተለወጠ። ፌርማታ ላይ ስቆም ጀርባዬን ለግድግዳ እሰጣለሁ፤ እጄን ከኪሴ አወጣለሁ። ዛሬ ወጣቶቹ በስልካቸው ቪዲዮ እያዩ ራስን መከላከል ይማራሉ ይባላል። ይሁን። ግን ከነካፖርቱ ሞክረውት ይሆን?

ፀዳለ ግን ስለ ፌርማታ ጠይቃ አታውቅም። ያን ማስተዋል የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ በየማለዳው አብሬያት የምውል። እሷ የምትጠይቀው «ጀርባዬ ግድግዳ ላይ ከሆነስ?» ነው። «ከኋላ በፀጉር ቢያዝስ?» ነው። «ወለሉ እርጥብ ከሆነስ?» ነው። ሁሌም እጀ ረጅም ሹራብ ትለብሳለች፣ ላቡ እየወረደ እንኳ አታወልቅም። አንድ ቀን ጋሽ ዘውዴ ክንዷን ይዘው ሊያሳዩን ሲሉ ሽምቅቅ አለች፤ እጅጌዋ ሸሸት ሲል የበለዘ ክንዷን አየሁ። ወዲያው ለቀቋት። ትምህርቱ ሲያልቅ ሌሎቹን ሸኙና እኔንና እሷን አስቀሩን። የሰንበት ትምህርት ሰሌዳው ሥር ከነበረው ቆርቆሮ ጠመኔ አነሱ።

«ፀዳለ፣ ልጄ፣ ወጥ ቤትሽ የት ነው?» አሏት።

እሷ አላለቀሰችም። ቆማ ቆማ፣ ጠመኔውን ከእጃቸው ተቀበለችና ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ምድጃውን ሳለች። ማቀዝቀዣውን ሳለች። ሶፋውን፣ ጠባቡን ኮሪደር፣ የውጭ በሩን። በሩ ላይ ስትደርስ «ሁለት መቆለፊያ አለው፤ ላይኛው ሲከፈት ይንቀጫቀጫል» አለች። እኔ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ። በዚያ ቤት ስንት ጊዜ በልቻለሁ! በዚያ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ፋይሌን አስሞልቻለሁ።

«ስንት ጊዜ ነው?» አልኳት።

«ስንት ጊዜ ያልሆነው ብለሽ ጠይቂኝ» አለችኝ።

ጋሽ ዘውዴ ከምድጃው ሥዕል አጠገብ ቆሙ። «ስሚ ልጄ። እሱን ማሸነፍ አላስተምርሽም። በክብደትም በጉልበትም ይበልጥሻል። እኔ የማስተምርሽ በሩ ጋ መድረስ ነው። በፀጉርሽ ሲይዝ አትሳቢ፤ ሁለት እጅሽን በእጁ ላይ አድርገሽ ወደ ራስሽ ተጫኚው። ከዚያ የቾንጂን መዞር ዙሪ። ሲለቅሽ ወደ ኋላ አትይ። በሩ ጋ ብቻ።» ለስምንት ቅዳሜዎች ያንን ሠራን። እኔ ታምራትን ሆኜ ፀጉሯን እይዛለሁ። መጀመሪያ ላይ እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር፤ «ያዢ እንጂ! እንዲህ ለስላሳ የሚይዝ መሰለሽ?» ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ያዝኩ። ስንጨርስ በጠመኔ የሳለችውን ፍላት፣ መኖሪያ ቤቷን ማለት ነው፣ ከወለሉ ላይ በእርጥብ ጨርቅ እናጸዳዋለን፤ በማግስቱ እሁድ ታምራት በዚያው ወለል ላይ ቆሞ የማኅበሩን ማስታወቂያ ያነባል።

አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ የክፍሌ በር ተንኳኳ። ፀዳለ ነበረች፤ በነጠላ ጫማ፣ ያለ ካፖርት፣ ሻርፗ የለም። ከሃክኒ አርችዌይ ድረስ የባሱ ሾፌር አይቷት ሳንቲም ሳይጠይቅ አሳፍሯት ነው የመጣችው። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ማሞቂያው ውስጥ ሃምሳ ፔንስ ከተትኩ። የዚያን ቀን የነገረችኝ እስከ ዛሬ ቃል በቃል ትዝ ይለኛል።

«ስኒከሬን ከቦርሳዬ አወጣውና ዛሬ አትሄጂም አለኝ። እሄዳለሁ አልኩት። ምድጃው ጋ በፀጉሬ ያዘኝ። ወይንዬ፣ የተማርኩት ሁሉ ጠፋብኝ! አሥራ ዘጠኙም ጠፋ። ዝም ብሎ እጄ ብቻ ወደ ላይ ሄደ። ተጫንኩት፣ ዞርኩ። ወለሉን ገና አጥቤው ነበር፤ አዳለጠውና በእጁ ላይ ወደቀ። ሲጮህ ሰማሁ። ወደ ኋላ አላየሁም።» ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች፤ «መቆለፊያው አልንቀጫቀጨም እኮ» እያለች።

ሦስት ሌሊት ከኔ ጋር አደረች። ከዚያ የሴቶች መጠለያ ተገኘላት፤ ከለንደንም ወጣች፣ ወደ በርሚንግሃም። ታምራት ሐኪሞቹ ሲጠይቁት ደረጃ ላይ ወደቅኩ አለ። ለሐበሻው ግን ሌላ ወሬ ደረሰ፤ ዘውዴ የሚባለው ሰው የሰው ሚስት እየሰበሰበ የባል አጥንት መስበር ያስተምራል ተባለ። በሚቀጥለው እሁድ ማኅበሩ ተሰበሰበ።

ያችን እሁድ ነው መርሳት ያቃተኝ። ከፊት አራት ሽማግሌዎች ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል። ታምራት እጁ በጄሶ ታስሮ በነጭ ጨርቅ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሴቶቹ «እግዚአብሔር ይማርዎት» እያሉ ያልፋሉ። ጋሽ ዘውዴ በሆስፒታል ዩኒፎርማቸው መጥተው ብቻቸውን ቆመዋል። ሰብሳቢው «ሚስት ከባል ጋር ብትጋጭ ሽማግሌ አለ። አንተ ምን አገባህ?» አላቸው።

«ሽማግሌ ጋ ሦስት ጊዜ መጥታ ነበር አሉ» አሉ ጋሽ ዘውዴ በዚያ በማይሰማው ድምፃቸው። «ሦስቴም ወደ ቤቷ ተመለሺ ተባለች።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መታና፣ «አብረዋት ይማሩ የነበሩ ሴቶች አሉ። ይህ ሰው ምን ያስተምራችሁ እንደነበር የምትናገር አለች?» አለ።

የኔ ይግባኝ የሚሰማው ከዚያች እሁድ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነበር። አስተርጓሚዬ ታምራት ነው። የድጋፍ ደብዳቤውን የጻፈልኝ ታምራት ነው። ዓይኑን ከኔ ላይ አላነሳም፤ አልገላመጠኝም፣ አላስፈራራኝም፣ በትሕትና ነው ያየኝ። ጋሽ ዘውዴ ደግሞ ጭራሽ ወደኔ አላዩም። ሆን ብለው ነው፤ እንዳያስጨንቁኝ። በክንዷ ላይ የነበረውን ያየሁት እኔ፣ ወለሉን ያጸዳሁት እኔ፣ አልጋዬ ላይ ሦስት ሌሊት ያደረችው ከኔ ጋር። እጄን አላነሳሁም። ከሌሎቹ ሦስት ሴቶች ሁለቱ እኔን ያዩ ነበር፤ እኔ ብናገር ሊናገሩ። ጉሮሮዬን ጠራረግኩ፤ ሰው ሁሉ ዞረ። ሳልኩ። ሳል ብቻ ነበር።

ጋሽ ዘውዴ የአዳራሹን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወጡ። ይግባኙ ሰመረልኝ። ወረቀቴን አገኘሁ። ሠራሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ባሌን ቀበርኩ። ታምራት በልጄ ክርስትና ላይ መጥቶ መርቋታል። አርችዌይ አደባባዩ ፈርሶ ዙሪያው ተለወጠ፤ አሳ መጥበሻው ቤት ጥፍር መሥሪያ ሆነ። ለአዛውንቶች ጂም ተመዝግበሽ ተንቀሳቀሽ ይሉኛል፤ እኔ ግን አሁንም ኮሪደሬ ውስጥ ቾንጂን እሠራለሁ፤ ጠባብ ስለሆነ ስዞር ክርኔ ግድግዳውን ይነካል። ሁልጊዜ እንደ ሰላቢ ነው የምሠራው፣ የሰረቅኩትን ነገር እንደምጠቀም።

ከባሱ በወረድኩ በሦስተኛው ቀን ለፀዳለ ደወልኩና የጋሽ ዘውዴን አድራሻ ጠየቅኳት። እሷ በየእንቁጣጣሹ ካርድ ትልክላቸዋለች፤ እኔ አንድም ቀን አልጠየቅኳትም ነበር፤ እሷም አንድም ቀን ለምን አላለችኝም። ባተርሲ ናቸው። ሁለት ባስ ቀይሬ ሄድኩ፤ አራተኛ ፎቅ የካውንስል ቤት፤ ከመስኮታቸው የባቡሩ ሐዲድ ይታያል፣ በየሁለት ደቂቃው ያልፋል። በሩን ሲከፍቱልኝ ወደ ሰማንያ የሚጠጉ፣ ከዘራ የያዙ፣ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ያደረጉ ሽማግሌ ሆነዋል። ወዲያው አወቁኝ።

«ወይንሸት። ገባ በይ፣ ብርዱን አታስገቢው።»

ተቀምጬ ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ ባሱ ውስጥ ስለማመደው የመጣሁትን ሁሉ ረስቼ፣ «ጋሽ ዘውዴ፣ ያን ዕለት ዝም አልኩ» አልኩ።

«አውቃለሁ። እዚያው ነበርኩ እኮ» አሉ።

«ወረቀቴ በሱ እጅ ነበር…»

«እሱንም አውቃለሁ። ያላወቀ ማን ነበር?»

«ይቅር ይበሉኝ።»

አንድ ባቡር መጣ። እስኪያልፍ ጠበቁ። «ይቅር ካልኩሽ ቆይቷል። ልጅ ነበርሽ፣ ብቻሽን ነበርሽ። ግን ይህን ያህል መንገድ ስለመጣሽ አልዋሽሽም። ያን ዕለት አንዲት እጅ ብትነሳ ይበቃኝ ነበር። ማሸነፉ አይደለም። እኔ ከዚያ ወዲህ ማንንም አላስተማርኩም። ሁሉም ተሳስተሻል ሲልሽ፣ አንድም ሰው ልክ ነሽ የሚል ሲጠፋ፣ አንቺም ትጠረጥሪያለሽ። ‹እውን ልክ ነበርኩ? የሰው ቤት አፍርሼ ይሆን?› እያልኩ ነው የኖርኩት። ፀዳለ ካርድ ትልካለች፤ ስለዚያ ቀን ግን አትጽፍም፤ እኔም አልጠይቃትም።» ከዚያ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱና «ሻይ ስኳር ታደርጊያለሽ?» አሉኝ።

ሻዩን አልጠጣሁትም ማለት ይቻላል። እዚያው ሆኜ ፀዳለ የነገረችኝን ሁሉ ነገርኳቸው፤ አሥራ ዘጠኙ እንደጠፋባት፣ እጇ ብቻ ወደ ላይ እንደሄደ፣ እንደዞረች። ሲሰሙ ቆዩና መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ጠረጉት። «እጇ ብቻ ሄደ አለች?» አሉ። «እጇ ብቻ ሄደ» አልኩ። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

ከባተርሲ ስመለስ ለፀዳለ ደወልኩ። ማኅበሩ ዛሬም እሁድ እሁድ ይሰበሰባል፣ ሌላ አዳራሽ ነው እንጂ። መናገር ፈልጌ ነበር፤ ነገሩ ግን የሷ ነው። «ስምሽን ልጥራ?» አልኳት።

«ጥሪ» አለችኝ፣ ሳታስብበት። «እኔ የደበቅኩት ነገር የለም። የደበቃችሁት እናንተ ናችሁ።»

እሁድ ሄድኩ። ማስታወቂያ ተነቦ ሲያልቅ «ሌላ የሚናገር አለ?» ተባለ፤ እንደ ወትሮው ስለ እቁብና ስለ መኪና ማቆሚያ ሊሆን ነው። እጄን አነሳሁ። ታምራት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። አብዛኛው ሰው ያኔ ያልነበረ ነው፤ ግማሹ ያኔ ያልተወለደ ነው። ስለ ፀዳለ ተናገርኩ። ስለ ክንዷ ተናገርኩ። ጋሽ ዘውዴ የሰው አጥንት መስበር ሳይሆን በር ማግኘት እንዳስተማሩ፣ ያን ሁሉ እያወቅኩ ለወረቀቴ ብዬ ዝም እንዳልኩ፣ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። ታምራት የጎበጠ እጁን በሌላው እጁ ይዞ መሬት መሬት ያያል። ከአራቱ ሽማግሌዎች በሕይወት የቀሩት አንዱ፣ «እንግዲህ ልጄ፣ ይሄ ያለፈ ነገር ነው» አሉ።

«ለኔ አላለፈም» አልኳቸው።

ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም አልተከተለኝም። አንዲት የማላውቃት ወጣት ሴት ብቻ በር ላይ ስደርስ ቀና ብላ አየችኝና ልጇን ወደ ራሷ ጠጋ አደረገች። ውጭ ያካፋል። ጥላ አልያዝኩም። ግድግዳው ሥር ቆሜ ለጋሽ ዘውዴ ደወልኩ፤ ማዳመጫቸውን እስኪያስተካክሉ ድረስ «ሃሎ፣ ሃሎ» ይላሉ።

«ተናገርኩ» አልኳቸው።

ከጀርባቸው ባቡር ሲያልፍ ይሰማኛል።

«ተቀምጠሽ ነው የተናገርሽው ወይስ ቆመሽ?» አሉኝ።

«ቆሜ» አልኩ።